የተውሶ መፍቻ

ኤምጂ የሚባሉት የእንግሊዝ ትንንሽ የስፖርት መኪኖች ይሠሩበት የነበረው የአቢንግደን ፋብሪካ የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ፋብሪካው ይዘጋ እንጂ መኪኖቹ አልቆሙም። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ የተመረተው ኤምጂቢም ሆነ ከእሱ የሚቀድሙት ታላላቆቹ፣ ዛሬም ፀሐይ ብቅ ባለች ቁጥር የሸራ ጣሪያቸውን አጥፈው በገጠሩ መንገድ ሲንሸራሸሩ ይታያሉ። ድሮም ደመወዝተኛ ቆጥቦ እንዲገዛቸው የታሰቡ መኪኖች ስለነበሩ «የሀብታም መጫወቻ ሆነው ነው የቆዩት» የሚለው መልስ አያሳምነኝም። ያቆያቸው ባለቤቶቻቸው ናቸው፤ እርስ በርስ በሚዋዋሱት መፍቻና በማይነፋፈጉት ምክር። የእኛ አገር ጋራዦች ከእነዚህ ሰዎች አንድ ነገር ቢወስዱ ይበጃቸዋል እላለሁ፤ እሱም ሙያን አለመደበቅ ነው።

የመፍቻውን ነገር ላስቀድም። እ.ኤ.አ. ከ1945 እስከ 1949 የተሠራው ኤምጂ ቲሲ ቁጥሩ 10,000 ገደማ ነው። ሞተሩን ልፈታ ብሎ የተነሣ ሰው ገና ከመጀመሪያው ብሎን ጋር ይጣላል። በሚሊሜትር የተለካው መፍቻ አይሆንለትም፤ የአሜሪካኑ የኢንች መፍቻም አይሆንለትም። የሚሆነው ዊትዎርዝ የሚባለው ብቻ ነው። ልኩን ያወጣው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆሴፍ ዊትዎርዝ ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1841 ነው። በዚህ መፍቻ ላይ የተቀረጸው ቁጥር የአፉን ስፋት አይነግርም፤ የሚነግረው የብሎኑን ግንድ ውፍረት ነው። «አንድ አራተኛ» የሚል የተጻፈበት መፍቻ አፉ ሲለካ 13.3 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። 13 ቁጥር አይገባም፤ 14 ቁጥር ደግሞ ይገባና ይንሸራተታል፤ የብሎኑን ጠርዝ በልቶ ክብ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ ሥራው የመፍቻ መሆኑ ቀርቶ የመጋዝና የመሮ ይሆናል።

ጉዱ በዚህ አያበቃም። ራሱ የዊትዎርዝ የሆነው ይኸው የሞተር ብሎን ጥርሱ የሚሊሜትር ነው። ምክንያቱ ለኤምጂ ሞተር ይሠራ የነበረው የሞሪስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1923 ኮቨንትሪ ውስጥ የገዛው የሞተር ፋብሪካ ቀድሞ ሆችኪስ የተባለ የፈረንሳይ ድርጅት ንብረት የነበረ መሆኑ ነው። ማሽኖቹ ጥርስ የሚያወጡት በፈረንሳይ ልክ ነበር። ማሽኑን ሁሉ ከመቀየር ጥርሱን እንዳለ ትተው፣ የብሎኑን ራስ ግን የእንግሊዝ መካኒክ በእጁ ባለው መፍቻ እንዲፈታው አድርገው ሠሩት። እንግዲህ መፍቻው ስለገጠመለት ብቻ «ብሎኑም ዊትዎርዝ ነው» ብሎ ከገበያ ገዝቶ በግድ የሚያስገባ ሰው፣ የሞተሩን ጥርስ ገፎ ያርፈዋል። ይህን ምስጢር በብሎኑ ላይ የሚያነበው የለም። የሚሰማው ከእሱ ቀድሞ በዚያ መንገድ ካለፈ ሰው ነው። ስለዚህ በኤምጂ ባለቤቶች ዘንድ የዊትዎርዝ መፍቻ በተውሶ ሲሰጥ ይኸው ማስጠንቀቂያ አብሮት ይሄዳል።

ምክሩም እንደ መፍቻው ልክ አለው። ኤምጂቢ ኤስዩ የሚባሉ ሁለት ካርቡራተሮች አሉት። ሁለቱ እኩል አየር ካልሳቡ ሞተሩ አንዱ በሬ ሲጎትት ሌላው እንደሚለግምበት ጥማድ ይሆናል። ኮምፒዩተር የሚሰካበት ቦታ የለም። ያለው አጭር የላስቲክ ቱቦ ነው፤ አንዱን ጫፍ ጆሮ ላይ፣ ሌላውን በየተራ ካርቡራተሮቹ አፍ ላይ አድርጎ የአየሩ ፉጨት እስኪመሳሰል ማስተካከል። ቀጥሎ የካርቡራተሩን ፒስተን አንድ ሚሊሜትር ያህል ከፍ ማድረግ። ሞተሩ ፈጥኖ በዚያው ከቀጠለ ቤንዚን በዝቶበታል፤ ልጥፋ ካለ አንሶታል፤ ለአፍታ ፈጠን ብሎ ወደ ነበረበት ከተመለሰ ልኩን አግኝቷል። ይህ በመመሪያ መጽሐፍ ተጽፏል። ፉጨቱ ሲመሳሰል ምን እንደሚመስል ግን የሚታወቀው ከሚያውቅ ሰው ጋር ኮፈኑ ሥር ጎንበስ ሲሉ ነው።

የቤንዚን ፓምፑም እንዲሁ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራ በመሆኑ ጤነኛ ሲሆን ቲክ ቲክ ይላል፤ ዝም ካለ መኪናው መንገድ ላይ ይቀራል። ልምድ ያለው ባለቤት ከኋላ ጎማው አጠገብ ገብቶ ፓምፑን ቀለል አድርጎ መታ ሲያደርገው ብዙ ጊዜ ይነሣል። መካሪነቱ የሚለየው ከዚህ በኋላ በሚለው ነው። አንዱ «ተነሣልህ፣ ሂድ» ብሎ ይሸኛል፤ ሌላው ግን «የቆሸሸው ኮንታክቱ ነው፤ ቤት ስትደርስ ፈተህ አጽዳው» ይላል። ሁለተኛው ነው ሙያ ያካፈለው።

ምክር ሁሉ ታዲያ አይወሰድም። እስከ እ.ኤ.አ. 1967 የወጡት ኤምጂቢዎች የባትሪያቸው ፖዘቲቭ ከመኪናው አካል ጋር የተያያዘ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የወጡት ግን ኔጋቲቩ ነው። ይህን ሳይጠይቅ «ሬዲዮውን እንዲህ አስገባው» የሚል ሰው ሬዲዮውን ያቃጥላል። የሽቦ ቸርኬ ያለው መኪና ደግሞ ጎማውን የሚይዘው መሐል ላይ ያለ አንድ ትልቅ ዳዶ ነው። የቀኙ ወደ ግራ ሲዞር፣ የግራው ወደ ቀኝ ሲዞር ይጠብቃል። የሁለቱን ጎን ዕቃ አለዋውጦ የገጠመ መካኒክ እየተነዳ የሚላላ ጎማ ሰጥቷል ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ከነባሮቹ ባለቤቶች መካከል የሚከበረው መልስ ለመስጠት የሚቸኩለው አይደለም። «የስንት ዓመተ ምሕረት ነው? ችግሩ ሲሞቅ ነው ሲቀዘቅዝ? ካንዴላው ጥላሸት ለብሷል ወይስ ነጥቷል?» ብሎ የሚጀምረው ነው።

የአሮጌ መሣሪያ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ የሚያሳይ አንድ ታሪክ ልጨምር። ብሪቲሽ ሞተር ሄሪቴጅ የተባለው ድርጅት፣ የኤምጂቢን ቆርቆሮ ተጭነው ቅርጽ ያስይዙ የነበሩትን ከባድ የፋብሪካ መሣሪያዎች ፈልጎ አሰባሰበና እ.ኤ.አ. በ1988 የመኪናውን ሙሉ አካል እንደገና ማምረት ጀመረ። አካሉ በዝገት ያለቀበት ባለቤት ሞተሩንና ቀሪ ዕቃውን ወደ አዲሱ አካል አዛወረ። እ.ኤ.አ. በ1992 ደግሞ የሮቨር ኩባንያ ኤምጂ አርቪ8 የተባለ መኪና በዚሁ አካል መነሻነት ሠርቶ ለሕዝብ አሳየ። መሣሪያዎቹ በጊዜው ለብረት ማቅለጫ ተሽጠው ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይኖርም ነበር።

ወደ እኛ ልምጣ። የእኛ ኤምጂ ቮልስ ናት። የመጨረሻዋ ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ቢሆንም የአዲስ አበባን ዳገት አሁንም ትወጣለች። ቫልቯ የሚስተካከለው ሞተሩ ጨርሶ ሲቀዘቅዝ መሆኑን፣ በድሮዎቹ ላይ ሦስተኛው ሲሊንደር ከሌሎቹ ይልቅ ለምን እንደሚግል የሚያውቁ አንጋፋ መካኒኮች አሉን። ከስንቶቹ ጋር ግን ዕውቀቱ አብሮ ተቀብሯል? ዋናው መካኒክ ካርቡራተር ሊነካ ሲል ተለማማጁን «ሻይ አምጣ» ብሎ የሚልክበት ጋራዥ ብርቅ አይደለም። «ሙያ በልብ ነው» የሚለው ተረት ጉረኛን ለመገሠጽ ጥሩ ነው፤ ለስስት መሸፈኛ ሲሆን ግን ይጎዳል። ባለሙያው ሲያርፍ ልጆቹ የመፍቻ ሳጥኑን በኪሎ ይሸጡታል፤ ምናለሽ ተራ ሲደርስም ለምን እንደተሠራ የሚያውቀው አይገኝም።

«መካኒክ የሚበላው በሚያውቀው ነው፤ ካካፈለ ምን ይቀረዋል?» የሚል ይኖራል። ስጋቱ ይገባኛል፤ ግን ትክክል አይመስለኝም። ካርቡራተሩን በራሱ ማስተካከል የቻለ ባለቤት መኪናውን ይዞ ይቆያል፤ ሞተር ማስወረድና ቴስታታ ማስላጥ ሲመጣ ወደ ባለሙያው መሄዱ አይቀርም። ተስፋ ቆርጦ ግቢው ውስጥ ያቆማት መኪና ግን ለማንም ጋራዥ እንጀራ አትሆንም። ደግሞም መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በእጃችን ያሉት ዕድሜያቸው እንዲረዝም ግድ ነው። የቮልስ ባለቤት ዛሬ የገጠመው ጣጣ ነገ የሌላውም አሮጌ መኪና ባለቤት ጣጣ ይሆናል።

ስለዚህ ለአንጋፋ መካኒኮቻችን የማቀርበው ልመና ይህ ነው፤ ልዩ መፍቻዎቻችሁ ላይ ለየትኛው መኪና፣ ለየትኛው ብሎን እንደሆኑ ጽፋችሁ አንጠልጥሉ። ተለማማጁንም ሻይ ከመላክ አጠገባችሁ አቁሙት። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም በጡረታ የተቀመጡትን ባለሙያዎች በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ጋብዙ። የአሮጌ መኪና ባለቤቶች መሣሪያችሁን ተዋዋሱ። መዋዋስ የሚቀረው በባለ ዕቃው ስስት ብቻ ሳይሆን ወስዶ በማይመልሰውም ምክንያት ነውና፣ የተዋሰ ሰው መፍቻውን ጠርጎ በቀጠሮው ይመልስ።