ለፈርጥ የማይስማማው እሳት

ወርቅ በእሳት እየተፈተነ የሚጠራ ማዕድን በመሆኑ፥ አንጥረኞቻችን ከአባቶቻቸው የወረሱት ኪነት ሁሉ፥ ማቅለጡም፥ መቀጥቀጡም፥ መበየዱም፥ በእሳት ላይ የተመሠረተ ነው፤ ይህ ልማድ ለወርቅና ለብር ነቀፋ የሌለበት ሲሆን፥ ባሕርዩ ከወርቅ የተለየውን ዕንቍ በዚያው ሥርዐት ለመያዝ ሲሞከር ግን፥ ምድር በብዙ ዘመን ያዘጋጀችው ጌጥ በአንድ ቀን ሥራ ይበላሻል።

ከዕንቍ ሁሉ የጠነከረው አልማዝ እንኳ መቧጨርን ይቋቋማል እንጂ ምትን ሁሉ አይችልምና፥ አንጥረኛው የቀለበቱን ጥፍር በፈርጡ ላይ ሲያጥፍ እጁን ካከበደ ጠርዙ ሊሸረፍ፥ ያለ መከላከያ ብርቱ ነበልባል ካገኘውም ፊቱ ተቃጥሎ ሊደበዝዝ ይችላል። መረግድም በተፈጥሮው ስንጥቅ የሚበዛበት ስለ ሆነ፥ ስንጥቁን በዘይት መሙላት የነጋዴዎች የቆየ ልማድ ነው፤ ጆሮ በማይሰማው ድምፅ ውሃን እያርገበገበ የሚያጥበው መሣሪያ ግን ያን ዘይት ከስፍራው ሲያስወጣው፥ የተሰወረው ስንጥቅ ይገለጣል፥ ባለቤቱም (ማን ይፈርድበታል?) ድንጋዬ ተለውጧል ብሎ ጠብ ያነሣል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ የገዛ አገራችን ኦፓል ነው። ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በወሎ፥ በደላንታ፥ ከወገል ጤና አካባቢ ገደሉ እየተፈለፈለ የሚወጣው ይህ ዕንቍ፥ በኅብረ ቀለሙ በዓለም ገበያ ቢመሰገንም፥ ውስጡ በረቂቅ ቀዳዳዎች የተሞላ በመሆኑ ውሃ ይጠጣል፤ በጠጣም ጊዜ ኅብሩ ተሰውሮ እንደ ብርጭቆ ባዶውን ይቀራል። በጥላ ሥር ቀስ ብሎ ቢደርቅ ኅብሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚመለስ ሲሆን፥ የደነገጠ ባለቤት በፀሐይ ወይም በእሳት ሲያጣድፈው ይሰነጠቃል፤ በውሃ ፈንታ ዘይት፥ ሽቱ ወይም ቀለም ያለው ፈሳሽ የጠጣ እንደ ሆነ ደግሞ እድፉ ላይለቅ ይችላል። ጥንካሬውም በሞስ መለኪያ ከ5.5 እስከ 6.5 ብቻ ስለ ሆነ፥ 7 የሆነው ኳርትዝ ያለበት የመንገድ አቧራ በደረቅ ጨርቅ ቢታሸበት ይቧጭረዋል። ከእርሱ አስቀድሞ የታወቀው የሸዋው የመዘዞ ኦፓል፥ ቶሎ ይሰነጠቃል ተብሎ በውጭ ገበያ ስሙ መጉደፉን ለሚያስታውስ ሰው፥ ይህ እንደ ቀላል የሚታለፍ ነገር አይደለም።

እንግዲህ ብየዳው፥ አሲዱና ማለስለሱ ሁሉ ካለቀ በኋላ ፈርጡን በመጨረሻ ማግባት፥ ለጥገና ከመጣ ጌጥም እሳት ሳይነካው ፈርጡን አስቀድሞ ማውጣት የአንጥረኛው ግዴታ ነው፤ ሻጩም ኦፓሉ ውሃ እንደሚጠጣና እምብዛም ባልራሰ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ እንደሚጠረግ በደረሰኙ ላይ ጽፎ ይስጥ፤ ይህን ሰውሮ የሸጠ ነጋዴ፥ ፈርጡ በገዢው እጅ ቢበላሽ እንኳ፥ ዋጋውን ሊመልስ ይገባዋል።