ምስጢር አሳልፎ በመስጠት የተጠረጠረ ሰው መቼ ይያዝ?

በዚህ ወንጀል የተጠረጠረን ሰው የሚከታተሉ መርማሪዎች ሁለት ሥጋቶች አሉባቸው። ማስረጃ ሳይሟላ ቢይዙ “የቸኮለ አፍሶ ለቀመ” ይሆንባቸዋል፤ ንጹሕ ሰውም ሊጎዳ ይችላል። ቢዘገዩ ደግሞ ጅብ ከሄደ የጮኸውን ውሻ ይመስላሉ።

የአሜሪካው የስለላ ድርጅት ሲአይኤ ባልደረባ አልድሪች ኤምስ ለሶቪየት ኅብረት መሰለል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። ስማቸውን ለሞስኮ አሳልፎ ከሰጣቸው መካከል በርካቶች በሞት ተቀጥተዋል። የፌዴራል ምርመራ ቢሮው ኤፍቢአይ በ1993 ምርመራ ቢከፍትበትም ወዲያው አልያዘውም፤ ስልኩን እየጠለፈ፣ ከቤቱ የሚወጣውን ቆሻሻ እየፈተሸ ወራት ቆየ። የካቲት 21 ቀን 1994 ግን ኤምስ ለሥራ ወደ ሞስኮ ሊጓዝ አንድ ቀን ሲቀረው ተያዘ፤ ከሄደ ላይመለስ ይችል ነበርና።

የኤፍቢአይ ባልደረባ የነበረው ሮበርት ሃንሰን በበኩሉ በ2001 እጅ ከፍንጅ የተያዘው፣ በቨርጂኒያ መናፈሻ ውስጥ የምስጢር ሰነዶችን ጥቅል ድልድይ ሥር አስቀምጦ ሲመለስ ነው። በ2023 ግን ወታደራዊ ሰነዶች በኢንተርኔት መሰራጨታቸው በተዘገበ በሳምንቱ ጃክ ቴሼራ ተይዟል። ምስጢሩ አደባባይ ከወጣ አድፍጦ መጠበቅ የሚያስገኘው ጥቅም ጥቂት ነው።

እንግዲህ ጊዜውን የሚወስኑት ሦስት ጥያቄዎች ናቸው፦ ማስረጃው በፍርድ ቤት ይጸናልን? ጉዳቱ እየቀጠለ ነውን? ተጠርጣሪውስ ሊያመልጥ ነውን?