ልጅን ውጭ አገር ቢዝነስ ለማስተማር፦ የደባርቅና የዳባት ወላጅ ከመክፈሉ በፊት



ከዳባት እስከ ደባርቅ፣ ሽቅብ እስከ ቡይት ራስ ባለው አካባቢ ያለ ወላጅ ልጁን ውጭ አገር ልኮ ማስተማርን ቢያስብ አይገርምም። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልሉ የቀጠለው ግጭት በርካታ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል። በዚህ ጭንቀት መሐል “ውጭ አገር ማኔጅመንት ወይም አካውንቲንግ እናስገባለን” የሚል ደላላ ጆሮ ቢያገኝ የሚደንቅ አይደለም። እኛ ልጆቻችን መሄዳቸውን አንቃወምም። የምንቃወመው ከብትና ቤት ሸጦ፣ የአንድ ዓመት ክፍያ ብቻ ይዞ መላክን ነው።

ንግድ ለአካባቢያችን ሙስሊም አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1668 በአጼ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በጎንደር ሙስሊሞች ተለይተው እንዲኖሩ ተወሰነ። ርስት የተነፈገው ሙስሊምም በንግድና በሽመና ኖረ። ከጎንደር በወገራና በሊማሊሞ አድርጎ ወደ ምጽዋ የሚወርደውን መንገድ በቅሎ እየነዱ ካቀኑት መካከል አባቶቻችን ይገኙበታል። በ2008 ደግሞ አብዛኞቹ ሙስሊም የሆኑ ከ400 በላይ የግጭ አባወራዎች ከሰሜን ተራሮች ፓርክ ወጥተው ደባርቅ ሰፈሩ። በገብስና በከብት ያደገ ቤተሰብ ዛሬ ልጁ በከተማ የሚኖርበትን ሙያ ይፈልጋል።

ታዲያ የትኛው ቢዝነስ ይጠና? ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባንኮች ከወለድ ነፃ አገልግሎት በመስኮት እንዲሰጡ ፈቀደ። እ.ኤ.አ. በ2019 ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ለሆኑ ባንኮች የሕግ በር ተከፈተ፤ በ2021ም ዘምዘምና ሂጅራ ባንኮች ሥራ ጀመሩ። ዘርፉ ሙራባሓንና ሙዳረባን በውል ደረጃ የሚያውቅ፣ ሒሳቡንም የሚሠራ ባለሙያ ይሻል። እ.ኤ.አ. በ1983 የተቋቋመውን የማሌዥያ ዓለም አቀፍ ኢስላማዊ ዩኒቨርሲቲን የመሰሉ ተቋማት ይህንን ያስተምራሉ። ብዙዎቹ የቢዝነስ ፋኩልቲዎች ግን ትምህርታቸው በወለድ ሥርዓት ላይ የቆመ ነው። ስለዚህ ከዩኒቨርሲቲው ስም በፊት የኮርሶቹ ዝርዝር ይታይ።

ቀጥሎ የገንዘቡ ነገር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በወራት ውስጥ ከ120 ብር አለፈ። በዓመት 3,000 ዶላር ለሚያስከፍል ትምህርት ቀድሞ 171,000 ብር ይበቃ ነበር፤ በ120 ብር ሲመነዘር 360,000 ብር ይሆናል። ቤትና ቀለብ በዚህ ውስጥ የሉም። ቤተሰቡ የሚያገኘው በብር ነው፤ የሚከፍለው ግን በዶላር። ስለዚህ የአራቱም ዓመት ወጪ አስቀድሞ መሰላት አለበት።

ከክፍያ በፊት የነፃ ትምህርት ዕድል ይሞከር። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ማመልከቻ ብዙ ጊዜ ከጃንዋሪ 10 እስከ ፌብሩዋሪ 20 ይከፈታል፤ ለማመልከት ምንም አይከፈልም። የትምህርት ክፍያን፣ መኖሪያን፣ የኪስ ገንዘብንና የአንድ ዓመት የቋንቋ ትምህርትን ይሸፍናል። “ለማስመዝገብ ይህን ያህል ክፈሉ” የሚል ሰው ካጋጠመ ጥርጣሬ ይገባል።

ዲግሪው አገር ቤት ይታወቅ እንደሆነም ከጉዞ በፊት የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን መጠየቅ ተገቢ ነው፤ የውጭ ማስረጃን አቻ ግምት የሚሰጠው እሱ ነውና። የሚሄዱበት አገር ሰላምም ይታይ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2023 ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ በዚያ ይማሩ የነበሩ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ጥለው ለመሸሽ ተገድደዋል።

ውጤቱ ለሚፈቅድለት ልጅ ሌላም መንገድ አለ። የመጀመሪያ ዲግሪውን በደባርቅ ወይም በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ይዞ፣ ውጭውን ለሁለተኛ ዲግሪ ማቆየት ወጪውንም ስጋቱንም ይቀንሳል።

ትልቁ ቁም ነገር ግን ሸክሙን አንድ ቤተሰብ ብቻውን አለመሸከሙ ነው። የእስልምና ልማት ባንክ አባል ባልሆኑ አገሮች ለሚኖሩ ሙስሊሞች የሚሰጠው የትምህርት ድጋፍ ለተማሪው ቀርድ ሐሰን ነው፤ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ያለ ወለድ ይመልሳል፤ የተመለሰውም ለማኅበረሰቡ ቀጣይ ተማሪዎች ይውላል። የደባርቅና የዳባት መስጂዶች፣ ነጋዴዎችና ውጭ ያሉ ወንድም እህቶቻችን ይህንኑ በአቅማቸው ሊጀምሩት ይችላሉ። በዓመት አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ እንኳ ቢሆን። ውሉ ይጻፍ፣ ምስክር ይቁምበት፤ ዲናችን ስለ ዕዳ ያዘዘን ይህንኑ ነው። እንዲህ የተላከ ልጅ ሲመለስ የቤተሰቡን ብቻ ሳይሆን የጀመዓውንም አማና ይዞ ይመለሳል።

አላህ ለልጆቻችን ጠቃሚ ዕውቀትን፣ ለአገራችንም ሰላምን ይስጥልን። አሚን።