በረዶው የሁላችን፣ መንገዱ ግን የማነው?

በረዶ በጣለ ቁጥር ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ዓይነት ሮሮ ይሰማል። ሌሊቱን ሲሠራ ያደረ ወገናችን ሰፈሩ ሲደርስ መኪናውን የሚያቆምበት ያጣል፤ ወይም ከእንቅልፉ ሲነሣ የበረዶ ጠራጊው መኪና በገፋው ክምር ሥር ተቀብራ ያገኛታል። ቁጣው ታዲያ የሚወርደው በካውንቲው ላይ ነው።

ነገሩ ግን ወዲህ ነው። በፌርፋክስም ሆነ በላውደን የአብዛኛው የሰፈር መንገድ ኃላፊ ካውንቲው ሳይሆን የስቴቱ የመንገድ መሥሪያ ቤት፣ ቪዶት ነው። በ1932 (እ.ኤ.አ.) በኢኮኖሚው ድቀት ዘመን፣ ካውንቲዎች የመንገድ ወጪ ሲከብዳቸው ሪችመንድ በሕግ ተረከበቻቸው። ያኔ ፌርፋክስ የእርሻ አገር ነበር። ዛሬ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይኖርበታል፤ አሠራሩ ግን ያው የገጠሩ ነው። መንገዳቸውን በእጃቸው ያቆዩት አርሊንግተንና ሄንራይኮ ብቻ ናቸው። ስለዚህ በኮሎምቢያ ፓይክ በኩል ከአርሊንግተን ወደ ቤይሊስ ክሮስሮድስ የሚዘልቅ ሰው፣ የየሰፈሩን መንገድ የሚጠርገው አካል እንደተለወጠ ልብ አይልም። (ታውንሃውስ ከሆነ ደግሞ መንገዱ የነዋሪዎች ማኅበሩ ሊሆን ይችላል።)

ቪዶት በበረዶ ጊዜ የሚለው አጭር ነው፦ መኪናችሁን ድራይቭዌይ ውስጥ አቁሙ፤ ካልተቻለ ጎዶሎ ቁጥር ባላቸው ቤቶች በኩል ብቻ። ይህ ልመና ነው። ሚኒያፖሊስ ያሉ ወገኖቻችን ተመሳሳዩን በቅጣትና መኪና በማስጎተት ተምረውታል። ልመና ደግሞ ሁሉም ካልተስማማበት አይሠራም። በወዲያኛው በኩል የቆመች አንዲት መኪና ትበቃለች፤ ጠራጊው ትቶ ይሄዳል፣ አምቡላንስም አያልፍም።

እዚህ ላይ ነው የኛ ጣጣ የሚመጣው። ሁለት መኪና በሚይዝ ድራይቭዌይ ላይ አራት ደባል፣ አራት መኪና። አንዱ ታክሲ ነጂ፣ አንዷ የሌሊት ተረኛ ነርስ። መንገድ ላይ የሚያድሩት የነዚሁ መኪናዎች ናቸው። ዋሽንግተን ጋራዥ ውስጥ የሰው መኪና በስንዝር ስናስጠጋ ለኖርነው ይህ ሳይገርም አይቀርም።

ወደ ምዕራብ ላውደን ሲዘልቁ ነገሩ ይከፋል። መንገዱ ጠባብ፣ ብዙው ያልተነጠፈ ነው። ብልሽት ወይም አደጋ ካልገጠመ በቀር፣ መንገዱን ለሌላው አደገኛ በሚያደርግ አኳኋን መኪና ማቆም በስቴቱ ሕግ ክልክል ነው። በረዶ የሸፈናት መኪና ለጠራጊው ሾፌር በጨለማ ሌላ ክምር ነው የምትመስለው።

እንግዲህ አቤቱታው መሄድ ያለበት ሪችመንድ ወዳሉት የስቴቱ ምክር ቤት ተወካዮች ነው። እነሱ የሚመረጡት ደግሞ ጎዶሎ ቁጥር ባላቸው ዓመታት ነው፤ ፕሬዚዳንት ስለማይመረጥ ብዙዎቻችን ከቤት በማንወጣባቸው ዓመታት ማለት ነው።