«እግዚአብሔር ይስጥህ»፦ ከምርቃት ወደ ማሰናበቻ

በአማርኛ ተናጋሪ ምእመናን ዘንድ ጸሎት ያልገባበት የዕለት ንግግር ጥቂት ነው። ያስነጠሰ ሰው «ይማርህ» ይባላል፥ እርሱም «ያኑርህ» ብሎ ይመልሳል፤ ለሞተ ሰው «ነፍስ ይማር» ይባላል፤ የደነገጠ «በስመ አብ!» ይላል፤ እንዴት አደርህ ተብሎ የተጠየቀ ሁሉ፥ ሕመምተኛው ጭምር፥ አስቀድሞ «እግዚአብሔር ይመስገን» ሳይል ሕመሙን አይናገርም። እነዚህ ቃላት ሁሉ በጸሎትነት የተጀመሩ ናቸው፤ ዛሬ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነገሩት በልማድ ነው። ልማድ በራሱ ነውር አይደለም። ነውር የሚሆነው አንድ የጸሎት ቃል ከመለመዱ የተነሣ የጸሎቱን ተቃራኒ ሥራ መሥራት የጀመረ እንደ ሆነ ነው። በዚህ ረገድ በይበልጥ ሊመረመር የሚገባው ለለማኝ የሚነገረው «እግዚአብሔር ይስጥህ» የሚለው ቃል ነው።

የዚህን ቃል ነገር ለመረዳት እኅቱን፥ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» የሚለውን፥ አስቀድሞ መመልከት ይበጃል። ይህ ተቀባዩ ሰጪውን የሚያመሰግንበት ቃል ነው። ምሥጢሩም ያለው «ልኝ» በምትለው ቅጥያ ላይ ነው፤ ይኸውም ውለታህን ለመክፈል ዐቅም የለኝምና በእኔ ፈንታ እግዚአብሔር ይክፈልህ ማለት ነው። «ጤና ይስጥልኝ» የሚለው ሰላምታም የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው። እንግዲህ በዚህ ቃል ውስጥ ሦስት ወገኖች አሉ፤ የሰጠው፥ የተቀበለውና ዋስ ሆኖ በመካከል የተጠራው አምላክ። በ«እግዚአብሔር ይስጥህ» ግን ነገሩ ተገልብጦአል፤ ተናጋሪው ያልሰጠው፥ ሰሚውም ያልተቀበለው ነው። አምላክም የሚጠራው ስለ ዋስትና ሳይሆን ስለ ሰበብ ነው።

ይህን ለውጥ ከማንም ይልቅ የሚያውቁት የአብነት ተማሪዎች ናቸው። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ በየደጁ ሲቆም የሚያሰማው ጥሪ «በእንተ ስማ ለማርያም» ነው። ትርጓሜውም ስለ ማርያም ስም ማለት ነው፤ ተማሪው የሚለምነው በራሱ ረኀብ ሳይሆን በእመቤታችን ስም መሆኑን ያስታውቃል። የብዙ ሰው ጆሮ ግን ከጥሪው ውስጥ የሚሰማው የማርያምን ስም ሳይሆን የተማሪውን መምጣት ብቻ ነው። ከቤት ውስጥም «እግዚአብሔር ይስጥህ» የሚል ድምፅ የመጣ እንደ ሆነ፥ ተማሪው ምርቃት አገኘሁ ብሎ አይቆምም፤ ወደሚቀጥለው ደጅ ያልፋል። እግሩ ቃሉን ተርጕሞታል። የቃሉ የዛሬ ትርጕም «የለም፥ ሂድ» ነው።

እንዲህ ያለው ለውጥ በአማርኛ ብቻ የታየ አይደለም። ዐረብኛ ተናጋሪዎችም ለማኝን ሲያሰናብቱ «አላህ ያዕጢክ» ይላሉ፤ ይህም ቃል በቃል ያው «እግዚአብሔር ይስጥህ» ነው። እግዚአብሔር ቢፈቅድ ማለት የሆነው «ኢንሻ አላህ»ም ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። በሳውዲ ዐረቢያ ዋና ከተማ በሪያድ፥ ዲራ በሚባለው አሮጌ ሰፈር፥ የመስመክ የጭቃ ምሽግ፥ በኢማም ቱርኪ ቢን ዐብደላህ ስም የተሰየመው ታላቅ መስጊድና አል ዘል የተባለው የምንጣፍ ገበያ ተቀራርበው ይገኛሉ። ጸሎትና ንግድ እንዲህ ጎን ለጎን በሚኖሩበት ስፍራ ቃል ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገሩ አይቀርም። በጸሎት ጊዜ ራስን ለአምላክ ፈቃድ ማስገዛት የሆነው «ኢንሻ አላህ»፥ በገበያ አንዳንድ ጊዜ እውነተኛ ተስፋ፥ አንዳንድ ጊዜም በትሕትና የተሸፈነ እምቢታ ይሆናል። ለሥራ ወደዚያ የተሻገረ ኢትዮጵያዊም ሁለቱን የሚለየው ከቃሉ ሳይሆን ከተናጋሪው አኳኋን ነው። እንግሊዞች ሲሰነባበቱ የሚሉት «ጉድ ባይ» እንኳ እግዚአብሔር ከእናንተ ጋር ይሁን ከሚል ምርቃት አጥሮ የቀረ ነው፤ ዛሬ በውስጡ የአምላክን ስም የሚሰማ ጥቂት ነው።

ይሁን እንጂ የቃል መለወጥ ሁልጊዜ ጥፋት አይደለም። በግእዝ «ጸበል» ትቢያ ማለት ነው። በአማርኛ «ጠበል» ሕመምተኛ የሚጠመቅበት የተቀደሰ ውኃ ሆነ፤ ከዚያም ሰፍቶ በቅዱሳን መታሰቢያ ቀን ለጎረቤትና ለችግረኛ የሚቀርበውን እህልና መጠጥ ያዘ። «ጠበል ቅመሱ» ብሎ የሚጠራ ሰው ትቢያ አያቀርብም፤ እንጀራ ይቈርሳል፥ ጠላ ይቀዳል። ይህ ቃል ከምንጩ እጅግ ርቆ ሄዶአል፤ ነገር ግን የሄደው ወደ መስጠት ነው። ስለዚህ ቃል ተለወጠ ብሎ ማዘን ብቻ አይበቃም፤ ወዴት ተለወጠ ብሎ መጠየቅ ይገባል። «ጠበል» እጅን ዘረጋ፤ «ይስጥህ» እጅን ሰበሰበ።

በዚህ ላይ «የሌለው ሰው ታዲያ ምን ይበል?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሌማቷ ባዶ የሆነ መበለት ከልቧ «እግዚአብሔር ይስጥህ» ያለች እንደ ሆነ፥ ያላትን ሰጥታለች፤ ቃሉ በእርስዋ አፍ ገና ጸሎት ነው። ቅዱስ ጴጥሮስም፥ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 3 እንደ ተጻፈ፥ መልካም በሚባለው የመቅደስ በር ለተቀመጠው ለማኝ አስቀድሞ ገንዘብ እንደሌለው በግልጥ ተናገረ፤ ቀጥሎም ያለውን ሰጠ። የሌለውን በምርቃት አልሸፈነም። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 የነቀፈው ግን ሌላውን ነው፤ ይኸውም የተራቈተና የተራበ ወንድሙን እያየ ምንም ሳይሰጥ በመልካም ቃል ብቻ የሚሸኘውን ነው። ባለጠጋው ከሞላ ቤቱ የሚናገረው «ይስጥህ» ከዚህ ነቀፋ ሊያመልጥ አይችልም።

ለመስከረም 21 ወደ ግሸን፥ ለኅዳር 21 ወደ አክሱም የሚወጣ ተሳላሚ በነዳያን መካከል ሳያልፍ ከደጀ ሰላም አይደርስም። ያለው ሰው አስቀድሞ እጁን ይዘርጋ፥ ምርቃቱ ከእጁ በኋላ ይምጣ። ያልያዘም የነዳዩን ፊት አይቶ «ዛሬ አልያዝሁም» ይበል፤ ከዚያ በኋላ እግዚአብሔር እንዲሰጠው ቢለምንለት ቃሉ እውነት ይሆናል። የአብነት ተማሪም ድርሻ አለው። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የደከሙበትን፥ በ1948 ዓ.ም. የታተመውን መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ እየገለጠ፥ ሕዝቡ በየዕለቱ የሚናገራቸውን ቃላት ከነሥራቸው ሊያስተምር ይገባዋል፤ ነገ መምህር ሆኖ በዐውደ ምሕረት ሲቆም የሚሰማው ምእመን በአፉ ያለውን ጸሎት የማያውቅ እንዳይሆን።

በቅኔ ቤት ሰም የሚፈለገው ወርቅ ስለሚይዝ ነው። ወርቅ የሌለው ሰም ቅኔ እንደማይባል ሁሉ፥ ባለው ሰው አፍ ውስጥ መስጠት የተለየው «ይስጥህ»ም ምርቃት አይባልም።