በላተኛው ሌላ፣ ከፋዩ ሌላ

አርብ ገበያ የምትጠራው በገበያ ቀኗ ነው። ከወረታ ወደ ወልዲያ ከሚዘልቀው አውራ ጎዳና በስተደቡብ ያለችው ይህች የታች ጋይንት ከተማ ገብስ፣ ስንዴ፣ ጤፍና ጥራጥሬ በሚያመርት አገር መካከል ተቀምጣለች። ይሁን እንጂ ወረዳው ከላይ ጋይንትና ከስማዳ ጋር በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ከታቀፉት አንዱ ነው። እህል በሚሸጥበት አገር የሕፃን ገንፎ መሳሳቱ ለነጋዴ ዓይን የሚናገረው ነገር አለ፤ እዚህ ያልተሠራ ሥራ አለ ማለት ነው።

ጉድለቱ በቁጥርም ይታያል። በ2011 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉት የኢትዮጵያ ሕፃናት 37 በመቶው ቀንጭረው ተገኝተዋል። በዐማራ ክልል ቁጥሩ ከ40 በመቶ በላይ ነበር። ይህን አይቶ «ገበያው ሰፊ ነው» የሚል ባለሀብት ግን ቸኩሏል። የችግር ብዛት ገበያ አይሆንም፤ ገበያ የሚኖረው ከፋይ ሲኖር ነው።

የዘርፉ ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። በንጉሡ ዘመን በስዊድን ድጋፍ የተጀመረው ፋፋ ስሙ ራሱ ማስታወቂያ ሆኖለት ከተሜው ቤት ገብቷል። ዘግይቶ የመጣው ደግሞ ከኦቾሎኒ የሚሠራው ፕላምፒናት ነው። 92 ግራም የሚመዝነው አንዱ እሽግ 500 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል፤ ሂሊና የተባለው ፋብሪካም እዚሁ አገር ውስጥ ያመርተዋል። ነገር ግን ሕፃኑ ይበላዋል እንጂ እናቱ አትገዛውም፤ ሂሳቡን የሚዘጉት እንደ ዩኒሴፍ ያሉ ድርጅቶች ናቸው። በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ዩኤስኤአይዲን ሲዘጋ በብዙ አገሮች የዚህ ምግብ አቅርቦት ተናጋ። የሰው ወርቅ አያደምቅ የተባለው ለዚህ ነው።

ዶላሩም አለ። የቪታሚንና የማዕድን ድብልቅ፣ የወተት ዱቄትና ጥሩ ማሸጊያ የውጭ ምንዛሪ ይፈልጋሉ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ከተለቀቀ ወዲህ በእነዚህ ላይ የተመሠረተ ሥራ በአነስተኛ ካፒታል አይሞከርም።

ለአርብ ገበያ ነጋዴ የሚያዋጣው ምጥን ዱቄት ነው። ሦስት እጅ ገብስ ወይም ስንዴ፣ አንድ እጅ ባቄላ ወይም ሽምብራ፤ ተለቅሞ፣ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ በትንንሽ ከረጢት ይታሸጋል። ይህን ማንም እናት ታውቀዋለች። ነጋዴው የሚሸጥላት እውቀት ሳይሆን የመልቀሙን፣ የመቁላቱንና የማስፈጨቱን ድካም ነው።

«ገዢው ድሃ ነው» የሚል ክርክር ይነሳል። ድሃ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ይኸው ድሃ ለወፍጮ ቤት ሲከፍል ኖሯል። ዐማራን ጨምሮ በጥቂት ክልሎች የተሞከረው «የእህል ባንክ» መንገዱን አሳይቷል፤ እናቶች እህላቸውን አምጥተው በተዘጋጀ ዱቄት ይለውጡ ነበር። ነጋዴም ይህንኑ ቢያደርግ፣ የድካሙን ዋጋ ከእህሉ ላይ ወስዶ ትርፉን ዱቄት ለነፋስ መውጫና ለደብረ ታቦር ደሞዝተኛ በብር መሸጥ ይችላል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭት መንገድን ምን ያህል እንደሚዘጋ ላየ ሰው፣ ጥሬ ዕቃውም ገዢውም ቅርብ መሆናቸው ትልቅ ጥቅም ነው።

ሆኖም የሕፃን ምግብ እንደ በርበሬ ባዕድ ነገር የሚቀላቀልበት ንግድ አይደለም። በእርጥበት የሻገተ እህል አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊይዝ ይችላል፤ መቁላትም ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከደረቅ ጎተራ ነው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011ም አለ፤ ፈቃዱ ከማሸጊያው ህትመት በፊት ይጠየቅ። በከረጢቱም ላይ ዱቄቱ ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን እንዳልሆነ ይጻፍ። እጅግ የተጎዳ ሕፃን ቦታው ጤና ጣቢያ ነው፤ ዱቄትን መድኃኒት ነው ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ ሕፃኑንም ስሙንም ይቀብራል።

የመጀመሪያው ዓርብ ሽያጭ ማንንም አያታልል። ያችው እናት በአራተኛው ዓርብ ከራሷ እህል ይዛ ከተመለሰች፣ ያን ጊዜ ሥራው ተጀምሯል ማለት ይቻላል።