ፈጣን ኔትዎርክና የእህል ዋጋ

የመገናኛ መሣሪያዎች እድገት ጥቅም የሚመዘነው በምርትና በሥርጭት ሂደት ውስጥ በሚያስከትለው ለውጥ ነው። በአዲስ አበባ በ2007 ዓ.ም. የአራተኛው ትውልድ ሞባይል አገልግሎት ተጀመረ፤ በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ላይ ዋለ፤ በ2014 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም አምስተኛውን ትውልድ በሙከራ ደረጃ አስተዋወቀ፤ በ2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም በመዲናይቱ አገልግሎት ጀመረ። እንግዲህ መመርመር ያለበት ይህ ፍጥነት ለሠራተኛውና ለሸማቹ ምን ይፈይዳል የሚለው ጥያቄ ነው።

ለዚህ የመርካቶው እህል በረንዳ ተጨባጭ ምሳሌ ይሆነናል። ለብዙ አሥርት ዓመታት ከጎጃም፣ ከአርሲና ከሸዋ የተጫነ ጤፍና ስንዴ እዚህ ሲራገፍ፣ እህሉን የላከው የክፍለ ሀገር ነጋዴ ገዢውን አያየውም ነበር። እህሉን ዘግኖ ጥራቱን የሚገምተውና ገዢና ሻጭን በዋጋ የሚያስማማው ደላላው ነበር። የደላላው ኃይል የመነጨው ከግል ጠባዩ ሳይሆን፣ ሁሉም የሚያውቀው የጥራት ደረጃና በይፋ የሚነገር የዕለት ዋጋ ካለመኖሩ ነው። ስለሆነም በማሳው ላይ ያለው ገበሬም ሆነ ኩንታሉን የሚሸከመው ወዝ አደር ዋጋውን የሚሰማው ከተቆረጠ በኋላ ነበር።

በምዕራብ አፍሪካዊቷ ኒጀር እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2006 የሞባይል ስልክ መስፋፋት በእህል ገበያዎች መካከል የነበረውን የዋጋ ልዩነት ከ10 እስከ 16 በመቶ እንደቀነሰው በጥናት ታይቷል። በአገራችን ግን እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት፣ የገበያ መረጃ የሚያፈላልገው ገበሬ ብዙ ቢሆንም ለዚህ በስልክ የሚጠቀመው ጥቂት መሆኑን፣ ምክንያቱም በስልኩ የሚያገኘው ጠቃሚ መረጃ ማነሱ ሳይሆን እንደማይቀር አመልክቷል። ከዚህ የምንረዳው መሣሪያው ብቻውን ግንኙነቱን እንደማይለውጥ ነው።

ዋጋ ለመጠየቅ ተራ የስልክ ጥሪ ይበቃል። የእህሉን ናሙና በምስል ለማሳየት፣ የጭነት መኪናውን ጉዞ ለመከታተል፣ የየገበያውን ዋጋ ጎን ለጎን ለማነጻጸር ግን ፈጣን ኔትዎርክ ይበልጥ ያመቻል። ስንዴው መቼ እንደሚደርስ አስቀድሞ የሚያውቅ የዱቄት ፋብሪካ የፈረቃ ሥራውን በዕቅድ ይመራል፤ ወፍጮው ሥራ ፈትቶ አይውልም። ምርታማነት ማለትም ይኸው ነው፤ በዚያው ጉልበትና በዚያው መሣሪያ የበለጠ ማምረት።

ይሁን እንጂ ፈጣኑ ኔትዎርክ በመዲናይቱ ተወስኖ በደላላውና በጅምላ ነጋዴው ስልክ ላይ ካበቃ፣ የሚያፋጥነው የእነርሱን ትርፍ ብቻ ይሆናል። በመሆኑም አገልግሎቱ እህል ወደሚመረትባቸው ወረዳዎች መዝለቅ፣ የጥራት ደረጃው መታወቅ፣ የዕለቱም ዋጋ በይፋ መነገር አለበት። በዚህ ረገድ የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ከገበሬዎች ዩኒየን የገዙበትንና ለአባላቱ የሸጡበትን ዋጋ በየዕለቱ በስልክ ቢያሳውቁ፣ አባላቱም ይህን ቢጠይቁ፣ ዋጋ የጥቂቶች ምስጢር መሆኑ ያበቃል። የኔትዎርክ ፍጥነት ለሰፊው ሕዝብ ጥቅም ሰጠ የሚባለውም ያን ጊዜ ነው።